ድኩላና ጥሻው

ከአፋር ሜዳ ተነሥቶ በሐራና በመርሳ በኩል ወደ ወልድያ የሚወጣው ምድር በአጭር ርቀት ውስጥ ከቆላ ወደ ወይና ደጋ፣ ከዚያም በስተ ምዕራብ ወደ ደጋ የሚሸጋገር ተዳፋት ነው። የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታ ወደ ስምጥ ሸለቆ የሚወርድበት የምሥራቁ ጠርዝ ይኸው ሲሆን፣ ወንዝ የቆረጣቸው ገደሎች፣ ለበሬ የማይመቹ ዳገቶችና ግራር፣ ክትክታ፣ አጋምና ቁልቋል የበቀለባቸው ሸንተረሮች ይበዙበታል። ገበሬው ማሽላውንና ጤፉን የሚዘራው በረባዳውና በእርከኑ ላይ ስለሆነ፣ ሞፈር ያልደረሰበት ገደላ ገደሉ ለጥሻና በጥሻ ውስጥ ለሚኖሩ አራዊት ይቀራል። እንዲህ ባለው ምድር ከሚኖሩ ባለ ሰኮና የዱር እንስሳት መካከል አካሉም ጠባዩም ከጥሻ ጋር የተጣበቀ ድኩላን የሚያህል የለም። ሌሎቹ እንስሳት ሩጫን፣ መንጋን ወይም ከፍታን መሸሻ ሲያደርጉ፣ ድኩላ ከቀንዱ አወጣጥ ጀምሮ እስከ ግልገሉ አስተዳደግ ድረስ ሁለመናው አለመታየትን መሠረት አድርጎ የተሠራ ነው፤ ስለ እንስሳው የሚነገረውን ነገር ሁሉ በቀላሉ ለመረዳት የሚረዳውም ይህን ማወቅ ነው።

ድኩላ የላም፣ የፍየልና የጎሽ ዘመድ ነው፤ በሳይንሱ አመዳደብም ከእነርሱ ጋር በአንድ የከብት ቤተሰብ ውስጥ ይቆጠራል። አንባቢ በፊልምና በሥዕል የሚያያቸው፣ ቀንዳቸው እንደ ዛፍ የተንጨፈረረ የአውሮፓና የአሜሪካ ዋላዎች ግን የሌላ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ከሰሐራ በረሃ በስተ ደቡብ ባለው የአፍሪካ ክፍል በተፈጥሮ የሚገኝ የዋላ ዝርያ የለም፤ ዛሬ በአህጉሩ ያለው ብቸኛ ነባር ዋላ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ድንበር አካባቢ ባሉ ደኖች የሚኖረው የበርበር ዋላ ነው። ስለዚህ በአሜሪካ ምዕራባዊ ተራሮች ሚዩል ዲር የሚባለው፣ ጆሮው የበቅሎ ጆሮ ስለሚመስል በዚያው የተሰየመ ዋላ የያዘውን ዓይነት የኑሮ ስፍራ፣ ማለትም ቅጠልና ቀንበጥ እየቀነጠበ በቁጥቋጦና በደን ጠርዝ የመኖሩን ስፍራ፣ በኢትዮጵያ ተራሮች የያዙት እንደ ድኩላ ያሉ የከብት ቤተሰብ አባላት ናቸው። ሁለቱ እንስሳት በሥጋ ዝምድና የራቁ ሲሆኑ በአኗኗር ግን ይቀራረባሉ፤ እያነጻጸሩ ማየቱም ብዙ ነገር ይገልጣል።

ልዩነታቸው ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው በቀንዳቸው ላይ ነው። የዋላ ቀንድ ሙሉ በሙሉ አጥንት ነው፤ በየዓመቱ ይወድቅና እንደ አዲስ ይበቅላል። በሚያድግባቸው ወራት ደም ሥር የሞላበት ለስላሳ ጸጉራም ቆዳ ይሸፍነዋል፤ እድገቱ ሲያበቃ ቆዳው ይደርቃል፣ እንስሳውም ከግንድና ከቁጥቋጦ ጋር እየፈተገ ይልጠዋል፤ የመራቢያው ወራት ካለፈ በኋላ ደግሞ ቀንዱ ከሥሩ ይረግፋል። በሚዩል ዲር ላይ የቀንዱ ግንድ ለሁለት ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ቅርንጫፍም እንደገና ለሁለት ይከፈላል፤ የዘር መለያው ከሆኑት ምልክቶች አንዱ ይኸው አከፋፈል ነው። የድኩላ ቀንድ ግን አንድ ጊዜ ከበቀለ እስከ ዕለተ ሞቱ አብሮት የሚኖር ነው። ከራስ ቅሉ የወጣ ውስጠኛ አጥንት አለው፤ በዚያ ላይ ጥፍርና ጸጉር ከተሠሩበት ኬራቲን ከሚባለው ንጥረ ነገር የተሠራ ጠንካራ ልባስ ይለብሳል። ይህ ልባስ ቅርንጫፍ አያወጣም፣ አይረግፍም፣ ከተሰበረም ተመልሶ አይተካም። ቀንድ የሚያበቅለው ወንዱ ብቻ ሲሆን፣ ግልገሉ አሥር ወር ገደማ ሲሆነው ብቅ ማለት ይጀምራል፤ ሲሞላም እስከ ግማሽ ሜትር ገደማ ይረዝማል።

የቀንዱ ቅርጽ ጊዜ ወስዶ ሊታይ ይገባዋል። ሁለቱ ቀንዶች ከግንባሩ ተነሥተው ጎን ለጎን፣ ብዙም ሳይራራቁ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ በመንገዳቸውም አንድ ጊዜ ብቻ ይጠመዘዛሉ፣ ጫፋቸው ቀጥ ብሎ ሹል ነው፣ በርዝመታቸው ላይም እንደ ስለት ጠርዝ ያለ መስመር ይታያል። ድኩላ አፍንጫውን ወደ ፊት ዘርግቶ ሲሮጥ ቀንዶቹ በአንገቱ ላይ ወደ ኋላ ስለሚጋደሙ፣ እሾህና ሐረግ በተጠላለፈበት መካከል ሳይያዝ ሾልኮ ያልፋል። እንደ ዋላው የተንሰራፋ ቀንድ የተሸከመ እንስሳ በዚያ ጥሻ ውስጥ በሩጫ ማለፍ አይችልም። የድኩላ ዘመዶች በሆኑት በአጋዘንና በደጋ አጋዘን ላይ ቀንዱ ይረዝማል፣ ይሰፋል፣ ጥምዝምዙም ይበዛል፤ የትልቁ አጋዘን ቀንድ ሁለት ጊዜ ተኩል ያህል ይጠመዘዛል። እነዚህ እንስሳት ከድኩላ ይልቅ ሳሳ ያለ ቁጥቋጦና ገላጣ ቦታ ላይ ይውላሉና ቀንዳቸው ለጠብና ለመታያ ማደግ ችሏል። የድኩላ ቀንድ አጭርና ቀላል ሆኖ መቅረቱ የቤቱን ስፋት ተከትሎ የመጣ ነገር እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም።

በቁመቱ ድኩላ መካከለኛ እንስሳ ነው። ትከሻው ላይ ሲለካ ከ65 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ወንዱ ከ40 እስከ 80 ኪሎ ግራም፣ እንስቷ ከ25 እስከ 60 ኪሎ ግራም ትመዝናለች። ወንዱ ሚዩል ዲር እስከ 150 ኪሎ ግራም ሊደርስ ስለሚችል፣ ድኩላ በአካል ከእርሱ ያነሰ ነው። ጀርባው ክብ ብሎ የጎበጠ፣ የኋላው ከትከሻው ጥቂት ከፍ ያለ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰውነት ራስን ዝቅ አድርጎ በቁጥቋጦ ሥር ለመሹለክና ከኋላ እግር ጉልበት ድንገት ተፈትልኮ ለመውጣት የተመቸ ሲሆን፣ በጥሻ ውስጥ የሚኖሩ ሌሎች ትናንሽ የሰኮና እንስሳትም ይጋሩታል። ጆሮዎቹ ሰፋፊና ክብ ናቸው፤ ዓይን ሩቅ በማያይበት ቦታ ከሁሉ በፊት የሚያስጠነቅቀው ጆሮና አፍንጫ ነውና።

የቀለሙ ነገር ለኢትዮጵያ አንባቢ ልዩ ትርጉም አለው። በአፍሪካ በሰፊው፣ ከሴኔጋል እስከ ደቡብ አፍሪካ በሚገኙት ድኩላዎች መካከል የቀለም ልዩነቱ ከፍተኛ ነው፤ በምዕራብ አፍሪካ ያሉት በቀይ ገላቸው ላይ ነጫጭ መስመርና ነጠብጣብ የተጻፈባቸው ሲሆኑ፣ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ያለው ድኩላ ግን ከሁሉም ጠቆር ያለ ነው። የጎለመሰው ወንድ ከጥቁር ቡናማ እስከ ጥቁር በሚደርስ፣ ረዘም ባለ ወፍራም ጸጉር የተሸፈነ ሲሆን መስመሮቹ ጠፍተው በጎኑና በታፋው ላይ ጥቂት ነጭ ነጠብጣቦች ብቻ ይቀሩለታል። እንስቷና ግልገሉ ግን ዳማ ናቸው። በወንዱም በእንስቷም ላይ ጉሮሮና ደረት ላይ ሁለት ነጭ ምልክቶች፣ በጉንጭ ላይ ነጭ ነጥብ፣ በእግሮች ውስጠኛ ገጽ ነጭ ቀለም ይታያል፤ የጅራቱም ሥር ነጭ ነው። ከርቀት ሲታዩ እነዚህ ነጫጭ ቁርጥራጮች የእንስሳውን ቅርጽ ይሰባብሩታል፤ በቅጠል መካከል ተንጠባጥቦ የሚገባውን የፀሐይ ብርሃን ስለሚመስሉ ዓይን የቆመውን ድኩላ ከጥላው ለይቶ ለማውጣት ይቸገራል። የደጋው ድኩላ መጥቆርና የጸጉሩ መርዘም ከቅዝቃዜውና ከጥቅጥቁ የደጋ ደን ጋር የተያያዘ ነው።

በአውሮፓ ሳይንስ ውስጥ የድኩላን የኢትዮጵያ ዘሮች የመዘገቡት ሁለት ጀርመናውያን ናቸው። ዝርያውን በአጠቃላይ በሳይንሳዊ ስም የሰየመው ፓላስ የተባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሲሆን ይህም የሆነው እ.ኤ.አ. በ1766 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1831 እስከ 1833 በሰሜን ኢትዮጵያ የተዘዋወረው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል በጣና ሐይቅ አካባቢ ያገኘውን ድኩላ እ.ኤ.አ. በ1835 መዘገበው፤ ለሳይንሳዊ መጠሪያነት የወሰደውም የአገሩ ሰው የሚጠራበትን ስም ራሱን፣ ዴኩላ የሚለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ደግሞ ኦስካር ኖይማን፣ ከካርሎ ፎን ኤርላንገር ጋር በኢትዮጵያ ካደረገው ጉዞ በኋላ፣ ጥቁሩን የደጋ ድኩላ በንጉሠ ነገሥቱ በዳግማዊ ምኒልክ ስም ሰየመው። እንስሳው እስከ ዛሬ የምኒልክ ድኩላ ተብሎ የሚጠራው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው።

እነዚህ ሁለት ስሞች ለብዙ ዘመን የአንድ ዝርያ ሁለት መልኮች ተደርገው ሲታዩ ቆይተዋል። በቅርብ ጊዜ በተደረገ የዘረ መል ጥናት ግን በአፍሪካ ያሉት ድኩላዎች ሁለት ታላላቅ ወገኖች መሆናቸው ታይቷል፤ አንዱ በምዕራብና በሰሜን፣ ሌላው በምሥራቅና በደቡብ የተስፋፋ ነው። ሩፔል የመዘገበው የሰሜን ምዕራብ ድኩላ ከመጀመሪያው፣ የምኒልክ ድኩላ ደግሞ ከሁለተኛው ወገን ይመደባል። ይህም ማለት ኢትዮጵያ ሁለቱ ወገኖች የሚገናኙባት፣ የድኩላን ታሪክ ለመረዳት ቁልፍ የሆነች አገር ናት ማለት ነው። የምኒልክ ድኩላ በባሌ ተራሮች፣ በተለይ በዲንሾ አካባቢ፣ በአዲስ አበባ አጠገብ ባለው የመናገሻ ሱባ ደን፣ በወሎም በቦረና ሳይንት በሚገኘው የደንቆሮ ጫካ በደንብ ይታወቃል።

የድኩላ ምግብ በዋናነት ቅጠል፣ ቀንበጥ፣ አበባ፣ የግራር ፍሬና የዛፍ ፍሬ ሲሆን ለጋ ሣርም አልፎ አልፎ ይግጣል። እንደ ላምና እንደ ፍየል የሚያመሰኳ እንስሳ ነው፤ አራት ክፍል ያለው ሆድ አለው፣ በላይኛው መንጋጋው ፊት ላይም ጥርስ የለውም። ይሁን እንጂ ከላም የሚለይበት ነገር አለ። ላም ብዙ ደረቅ ሣር ጎስጉሳ በትልቅ ጨጓራ ውስጥ ረጅም ጊዜ ታብላላለች፤ ድኩላ ግን አፉ ጠበብ ያለ፣ ምላሱ ቀልጣፋ ሆኖ ከእሾህ መካከል ለጋውን ቅጠል ለይቶ ይቀነጥባል፣ የመረጠው ምግብ ጠቃሚ ንጥረ ነገር የበዛበትና ቶሎ የሚፈጭ ስለሆነ ሰፊ መስክ አያስፈልገውም። በትንሽ ጥሻ ውስጥ መኖር የሚችለውም ከዚህ የተነሣ ነው። ዝንጀሮና ጦጣ ዛፍ ላይ ሆነው ሲበሉ የሚያንጠባጥቡትን ፍሬ ከሥር እየተከተለ ይለቅማል፤ ፍሬውን ከማግኘቱ ሌላ፣ ከላይ ሆነው ሩቅ የሚያዩት እነዚህ ጎረቤቶች ነብር ሲመጣ ቀድመው መጮኻቸውም ይጠቅመዋል።

ድኩላ ለብቻው የሚኖር እንስሳ ነው። ከአፍሪካ ባለ ጥምዝ ቀንድ እንስሳት ብዙዎቹ በመንጋ ወይም በትንሽ ቡድን ሲኖሩ፣ ድኩላ ከግልገሏ ጋር ካለች እናትና በመራቢያ ጊዜ ከሚገናኙ ጥንዶች በቀር ብቻውን ይውላል። ከዚህም የሚገርመው ብቸኛ ቢሆንም የክልል ድንበር አለማስከበሩ ነው። በአብዛኛው ለብቻ ወይም ጥንድ ሆነው የሚኖሩ እንስሳት፣ ለምሳሌ ሚዳቋና እንሹ፣ መሬታቸውን ምልክት እያደረጉ ሌላውን ያባርራሉ፤ ድኩላ ግን ከጥቂት ሄክታር እስከ ጥቂት አሥር ሄክታር በሚሆን መኖሪያው ላይ ከሌሎች ድኩላዎች ጋር ተደራርቦ ይኖራል፣ እርስ በርስ መተያየትን በመሸሽ ብቻ ሰላሙን ይጠብቃል። ወንዶች እንስት ላይ ሲገናኙ ግን የጀርባቸውን ጸጉር አቁመው፣ እግራቸውን አጠንክረው፣ ጎናቸውን እየሰጡ በዝግታ ይዞራሉ፤ ይህ መጠንን የማሳየት ትርኢት አንዱን ካላስፈራው ቀንድ ለቀንድ ይጋጠማሉ፣ የቀንዱ ጫፍ ሹል በመሆኑም ጠቡ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። የቆሰለ ድኩላ ደግሞ ፈሪ አይደለም፤ ዞሮ ውሻን፣ አንዳንዴም አዳኙን ራሱን ይወጋል።

አደጋ ሲመጣ የሚያደርገው ነገር ከሚዩል ዲር ጋር ሲነጻጸር በጣም ይለያል። አሜሪካዊው ዋላ በአራት እግሩ በአንድ ጊዜ እየዘለለ፣ እንቅፋቱን ከላይ እያለፈ ዳገት ይወጣል፤ ይህ አዘላለል ከርቀት ለሚያይ አዳኝ ግልጽ ነው፣ ነገር ግን ድንጋያማና ገላጣ ዳገት ላይ አሳዳጁን ያደክማል። ድኩላ በመጀመሪያ ፈጽሞ አይንቀሳቀስም። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ቆሞ ወይም በሆዱ ተኝቶ አደጋው እስኪያልፍ ይጠብቃል፤ ሰው በጥቂት እርምጃ ርቀት አልፎት ሊሄድ ይችላል። መሸሸጉ እንዳልሠራ ሲያውቅ ብቻ ድንገት ይነሣል፣ የጅራቱን ነጭ ሥር አቁሞ ወደ ጥቅጥቁ ጥሻ ይጠፋል፣ ጥቂት ርቆም የሻከረ የውሻ ጩኸት የሚመስል ድምፅ ያሰማል። በገደል አፋፍ ለሚኖር ሰው ይህ ጩኸት እንግዳ አይደለም። ድኩላ አብዛኛውን የሚወጣው ማለዳ፣ ምሽትና ሌሊት ነው፤ ሰው በሚበዛበት አካባቢ ይበልጡን የሌሊት እንስሳ ይሆናል።

ከጠላቶቹ ሁሉ የሚበልጠው ነብር ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ቦታ ይወዳሉ፣ አንድ ዓይነት ሰዓት ይንቀሳቀሳሉ፣ ነብርም ሳይታይ ተጠግቶ የሚይዝ አዳኝ ስለሆነ ጥሻው ለአንዱ መሸሸጊያ ለሌላው መደበቂያ ነው። ጅብና ዘንዶም ድኩላን ይይዛሉ። በአንድ ዳገት ላይ ድኩላ ሲያልቅ ነብሩ ወደ ፍየልና ወደ ውሻ የሚዞርበት ምክንያት ከዚህ ይታያል፤ ስለ ነብር የሚቀርበው የአርብቶ አደሩና የገበሬው አቤቱታ የድኩላም ጉዳይ ነው።

እርግዝናው ስድስት ወር ገደማ ሲሆን የሚወለደው አንድ ግልገል ነው። ሚዩል ዲር አብዛኛውን ጊዜ መንታ ትወልዳለች፣ ልደቱም ቀዝቃዛው ክረምት ባለፈ በበጋው መግቢያ በአንድ ሰሞን ይሆናል፤ ብርዱና በረዶው ሌላ ጊዜ አይፈቅድምና። ድኩላ ግን ዓመቱን ሙሉ ሊወልድ ይችላል፤ ዝናብና ደረቅ ወቅት በሚለዩባቸው አካባቢዎች ብዙው ልደት ለምለም ቅጠል ወደሚገኝበት ዝናባማ ጊዜ ያዘነብላል። እንደዚህ ተዳፋት በልግም ክረምትም በሚዘንብበት ምድር ይህ ጥቅም ሁለት ጊዜ ይገኛል፤ በልጉ የቀረ እንደ ሆነ ግን ጉዳቱ በሰውም በአውሬም ላይ ይደርሳል።

የግልገሉ አስተዳደግ ከድኩላ ኑሮ ሁሉ ይበልጥ ትኩረት የሚስብ ነው። ሲወለድ ከ3.5 እስከ 4.5 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ግልገል እናቱን ተከትሎ አይሄድም። እናቲቱ ጥቅጥቅ ያለ ቦታ መርጣ ታስተኛዋለች፤ እርሱም አንገቱን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ጆሮውን አጥፎ ሳይንቀሳቀስ ይውላል። እናቲቱ ራቅ ብላ ትመገባለች፣ ለማጥባት ብቻ በጥንቃቄ ትመጣለች። ስትመጣም እየላሰች ታጸዳዋለች፣ ኩሱንም ትበላለች፤ ይህን የምታደርገው ጠረኑ ነብርንና ጅብን እንዳይጠራ ነው። ከወለደች በኋላ የእንግዴ ልጁን የምትበላውም ለዚሁ ነው። ግልገሉ ይህን የመደበቅ ኑሮ እስከ አራት ወር ድረስ ይቀጥላል፤ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ከእናቱ ጋር መውጣት ይጀምራል። ሴቷ በዓመት ከጥቂት ወር ውስጥ ለመውለድ ትደርሳለች፤ ወንዱ ዓመት ሲሞላው ዘር ማፍራት ቢችልም ጎልማሶቹን ተቋቁሞ እንስት ለማግኘት ሦስት ዓመት ያህል ይፈጅበታል።

በተዳፋቱ ላይ ድኩላን ከጎረቤቶቹ መለየት አስቸጋሪ አይደለም። በቆላው እሾህ መካከል ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚታየው፣ ከጥንቸል ብዙም የማይበልጠው እንሹ ነው። በቁጥቋጦ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ የሚሮጠው፣ ግንባሩ ላይ የጸጉር ቁንጮና ቀጥ ያለ አጭር ቀንድ ያለው ሚዳቋ ነው። በገደል ድንጋይ ላይ በሰኮናው ጫፍ ቆሞ የሚታየው ሰስ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ድኩላ ይተልቃል። ከእርሱ የሚተልቀው የደጋ አጋዘን በአሥር ሳንቲም ላይ የታተመው እንስሳ ሲሆን፣ ለሳይንስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ በባሌና በአርሲ ተራሮች አካባቢ እንጂ በወሎ አይገኝም።

ድኩላ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡ እንስሳት አይቆጠርም፤ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዝርያውን አነስተኛ ስጋት ካለባቸው ወገን መድቦታል። ይህ ግን በአህጉር ደረጃ የሚታይ እንጂ ለአንድ ዳገት የሚሠራ ፍርድ አይደለም። ድኩላ ከሰው አጠገብ የመኖር ችሎታው ከሌሎች ትላልቅ የዱር እንስሳት ይበልጣል፤ ችሎታው ግን በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፣ እርሱም ጥሻው ነው። ማገዶ ለቀማ፣ ከሰል ማክሰል፣ የእርሻ መሬት መስፋትና የፍየል ግጦሽ ከመሬት እስከ ሰው ቁመት ያለውን ቅጠል ሲያጠፉ፣ ዛፎቹ ቢቆሙ እንኳ ድኩላው ይሄዳል። የዛፍ ቁጥር በሚቆጠርበት የደን ልማት ሥራ ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ሥሩ የጸዳ የባሕር ዛፍ ደን ከርቀት አረንጓዴ ቢመስልም ለድኩላ ባዶ ሜዳ ነው። በአንጻሩ ሰው ዋጋ የማይሰጠው የአጋም፣ የቀጋና የክትክታ ቁጥቋጦ ምግቡም መደበቂያውም ነው።

አደኑም አለ። ድኩላ ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ በመሆኑ ሥጋውን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይበላዋል፤ ስለዚህ በወጥመድና በውሻ የሚደርስበት ጫና ከሃይማኖት አንጻር ከማይበሉት ይልቅ ይበረታል። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል፤ በቀጣዩ ዓመት በአዋጅ ቁጥር 575/2000 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣንም ጉዳዩን በአገር ደረጃ ይመራል። ሕጉ ግን ፓርክና ጠባቂ በሌለበት የገበሬ ቀበሌ የሚሠራው ሕዝቡ ሲያምንበት ነው። በማሽላው ዳር ለጋ ቡቃያ የሚቀነጥብ ድኩላ ለገበሬው ጉዳት እንደሚያደርስ መካድ አይገባም፤ ይሁንና ከዝንጀሮና ከከርከሮ ጋር ሲነጻጸር የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል ነው፣ ሰው ባለበት ማሳ ላይም ለመቆየት አይደፍርም።

ወሎ በዚህ ረገድ ተስፋ የሚሰጥ ልምድ አላት። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በአካባቢው በምግብ ለሥራ እርከን ሲሠራ፣ የተጎዱ ተራሮችም ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ሲደረጉ ቆይተዋል። በእንዲህ ያለ ቦታ ከዛፉ በፊት የሚመለሰው ሣሩና ቁጥቋጦው ነው፤ ከሥሩ በቁጥቋጦ የተሸፈነ ዳገት ደግሞ ድኩላ የሚፈልገው ዓይነት ቦታ ነው። ሆኖም አንድ የተከለለ ኮረብታ ብቻውን አይበቃም፤ ወንድና እንስት እንዲገናኙ፣ ወጣቶቹም አዲስ መኖሪያ እንዲያገኙ ኮረብታውን ከሌላው የሚያገናኝ የወንዝ ዳር ጥሻ ያስፈልጋል። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር መስመርና አዳዲሶቹ መንገዶች በሚያልፉበት ምድር፣ በድልድይ ሥር ያለውን የወንዝ ዳር ቁጥቋጦ ሳይመነጥሩ መተው ለድኩላ መተላለፊያ ያስቀርለታል።

በተከለሉት ተራሮች ላይ ሣር ታጭዶ የሚወሰደው ክረምቱ ካለፈ በኋላ በመሆኑ፣ በዝናቡ ወራት የተወለደ ግልገል በዚያን ጊዜ ገና በሣሩ ውስጥ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። አጫጅ እንዲህ ያለ ግልገል ብቻውን ሲያገኝ እናቱ የሞተችበት ወይም የጣለችው ይመስለዋል፤ ወደ ቤት ወስዶ የላም ወተት ሊያጠጣውም ይነሣል። እናቲቱ ግን በአብዛኛው ሩቅ አይደለችም፣ ለማጥባትም ትመለሳለች። ስለዚህ ግልገሉን ሳይነኩ፣ የሰው ጠረን ሳያሳድሩበት፣ በዙሪያው ጥቂት ሣር ሳያጭዱ ትቶ ወደ ሌላው ወገን ማለፍና ውሾችን ከዚያ ቦታ ማራቅ ይበቃል፤ የቀረውን ሣር ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ ማጨድ ይቻላል።